ሀዋታ ያደገ አባትና የበረዶው ጉዞ

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ የመጣው ከኖርዌይ ዋና ከተማ ከኦስሎ ነው። ጸሐፊው ግን በትውልድ ኢትዮጵያዊ፣ በዕድገት የሀዋታ ሰው ናቸው። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ዘመን የአራት ዓመት ልጅ ሳሉ ወላጆቻቸው ከጎንደር ምዕራብ ተነሥተው በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገሩ፤ ልጅነታቸውንም በገዳሪፍ ግዛት፣ በሀዋታ አሳለፉ። ዛሬ በኦስሎ ከባለቤታቸው፣ ከዘጠኝ ዓመት ሴት ልጃቸውና ከስድስት ዓመት ወንድ ልጃቸው፣ እንዲሁም ከእናታቸው ጋር ይኖራሉ። ጥያቄአቸው ባጭሩ ይህ ነው፤ «ቤተ ሰቤን ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ስኪ ልሄድ አስቤአለሁ፤ ከመካከላችን የሚችል አንድም የለም፤ ከየት እንጀምር?»

ሀዋታን ያላየ ሰው የዚህን ጥያቄ ክብደት በሙሉ ሊያስተውለው አይችልም። ሀዋታ በራሃድ ወንዝ አጠገብ፣ ከሰናር ወደ ገዳሪፍ በተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ዓይን እስኪደክም ድረስ ሜዳ ነው፤ መሬቱ ጥቁር ዋልካ፣ አዝመራው ማሽላና ሰሊጥ ነው። የራሃድ ውሃ የሚመጣው ከኛው አገር፣ ከጣና ምዕራብ ካለው ደጋ ነው፤ በበጋ ግን ወንዙ ይደርቅና ኩሬ ኩሬው ብቻ ይቀራል። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ ሰው ከጥላ ወደ ጥላ እየተሻገረ ይውላል። እኔም በአንድ ወቅት በሥራ ምክንያት ጥቂት ቀን እዚያ ሰንብቼ ስለ ነበር፣ ጸሐፊው «በሀዋታ በረዶን የማውቀው በሻይ ቤት፣ ተሰባብሮ በከርከዴ መጠጥ ውስጥ ሲቀርብ ብቻ ነበር» ሲሉ ቃላቸው ማጋነን እንደሌለበት እመሰክራለሁ። በዚያ አገር ቁልቁለት የሚባል ነገር የለም። ልጅ የሚንሸራተተው በሐምሌ፣ ዋልካው ሲረጥብ፣ በጭቃ ላይ ነው።

አማርኛ በመማር ላይ ላሉት አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ ስለ ቃላቱ ጥቂት ማስረዳት ይገባናል። በአማርኛ ክረምት ማለት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናም ወራት ነው። ስለዚህ አንድ የአውሮፓ ሰው «በክረምት ስኪ እንጫወታለን» ቢል፣ የገጠር ሰው የሚታየው በሐምሌ ዶፍ ውስጥ የሚዘል ሰው ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ «የበረዶው ወራት» እንላለን። በረዶ የሚለውም ቃል ብዙ ሸክም አለበት፤ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውም፣ በብርድ ረግቶ እንደ ድንጋይ የሚጠነክረው ውሃም፣ እንደ ጥጥ ለስልሶ የሚወርደውም ሁሉ በረዶ ይባላል። ለዚህ ለመጨረሻው አመዳይ የሚል የቆየ ቃል አለ፤ ነገር ግን በመጻሕፍት እንጂ በገበያ አይሰማም። ውርጭ ደግሞ በብርድ ሌሊት በሣር ላይ የሚያድረው ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በራስ ደጀን ላይ አልፎ አልፎ አመዳይ ይጥላል፤ ዳሩ ግን አይቆይም። ስለዚህ ስኪ የሚለውን ቃል ከነነገሩ ከውጭ መቀበል ግድ ሆነብን። ስኪ ከጫማ በታች የሚታሰር ረጅምና ቀጭን፣ ጫፉ ወደ ላይ የተቈለመመ ሰሌዳ ነው። በጥንት የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ቋንቋ ትርጓሜው የተፈለጠ እንጨት ሲሆን፣ ኖርዌጆች ራሳቸው «ሺ» ብለው ያነቡታል።

ወደ ደብዳቤው እንመለስ። ጸሐፊው ነገሩ ለሽርሽር ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደሚተዉት ይናገራሉ። በኖርዌይ ግን ትምህርት ቤቶች በበረዶው ወራት የስኪ ቀን የሚባል አላቸው፤ በዚያ ቀን ልጆች ደብተራቸውን ትተው፣ ስኪአቸውን ተሸክመው ከመምህራኖቻቸው ጋር ወደ በረዶው ይወጣሉ። ባለፈው ዓመት ልጅቱ በዚያ ቀን ማለዳ ሆዷን እንዳመማት ተናገረች። አባትም ሆዷ ደኅና እንደ ሆነ እያወቁ ለትምህርት ቤቱ የሕመም ወረቀት ጻፉላት። «በልጄ ስም የጻፍሁት የመጀመሪያው ውሸት ይህ ነው» ይላሉ። «በዚህ ዓመትም ቀኑ ሲቀርብ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።»

ከዚህ ሌላ የሚያስጨንቃቸው ነገር አለ። ባለቤታቸው በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ቆመው የሚሠሩ ናቸውና እግራቸው ቢሰበር ቤቱ ይናጋል ብለው ይፈራሉ። በሱዳንም በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ጸሐፊው በየወሩ ለዘመዶቻቸው ገንዘብ ይልካሉ። «ዘመዶቼ በሸራ ጥላ ሥር ሳሉ እኔ በበረዶ ላይ ለመንሸራተት ገንዘብ ባወጣ ምን ሰው እባላለሁ?» ብለው ጽፈዋል። እናታቸውም የሰሙትን ሰምተው «ለመውደቅ ደግሞ ይከፈላል እንዴ?» አሉ ይባላል።

ወዳጄ ሆይ፣ አስቀድሜ ስለ ገንዘቡ ልናገር። ለዘመድ የሚላከው አይነካ። እኔ የምመክርዎ ጉዞ እርሱን ሳይነካ የሚፈጸም ነው። ነገር ግን ስኪን የሀብታም ቅብጠት ብቻ አድርገው አይቍጠሩት። ራሃድ በሐምሌ ሲሞላ መዋኘት የማይችል የሀዋታ ልጅ ምን ይሆን እንደ ነበር ያስታውሱ፤ ዳር ተቀምጦ የጓደኞቹን ልብስ ይጠብቃል። ማንም አይሰድበውም፤ ግን ሲመሽ ሁሉም ስለ ውሃው ሲያወሩ እርሱ የሚናገረው የለውም። ልጅዎ ባለፈው ዓመት ቤት የቀረችው ብርዱን ፈርታ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ያሰቡትን የጉዞ ዐይነት አላደንቀውም። ደብዳቤዎ እንደሚለው፣ የኦስሎ ትምህርት ቤቶች በየካቲት በሚዘጉበት ሳምንት በተራራ ላይ ቤት ተከራይተው፣ ስኪውንም በሙሉ ገዝተው፣ ሰባት ቀን ለመቆየት ነው ሐሳብዎ። ያ ሳምንት የከተማው ሰው ሁሉ ወደ ተራራ የሚወጣበት ስለ ሆነ ኪራዩ የከበደ፣ ሰልፉም የረዘመ ነው። ይህም ብቻ አይደለም። ሰባት ቀን ለሚችል ሰው አጭር ነው፤ የማይችል ሰው ግን በሁለተኛው ቀን ጡንቻው ሁሉ ታምሞ፣ የቀሩትን አምስት ቀኖች በመስኮት ሲመለከት ይውላል፤ ኪራዩንም እያሰበ ይበሳጫል።

ይህን የምናገረው ከራሴ ደርሶ ነው። ለትምህርት ወደ ውጭ አገር በሄድሁበት ዘመን ከጓደኞቼ ጋር ወደ አንድ ትልቅ ተራራ ሄድሁ። አስተማሪ መቅጠርን እንደ ውርደት ቈጠርሁት። የጥጥ ሱሪ ለብሼ፣ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርቤ፣ በገመድ በሚጐተተው ወንበር ተቀምጬ እስከ ጫፉ ወጣሁ፤ መውጣቱ ቀላል ነበርና። ከላይ ሆኜ ቁልቁል በተመለከትሁ ጊዜ ግን ሰሌዳዎቹን ፈትቼ በትከሻዬ ተሸከምኋቸው፤ እስከ ጉልበቴ እየሰመጥሁም ሁለት ሰዓት ሙሉ በእግሬ ወረድሁ። አምስት ዓመት የማይሞላቸው ሕፃናት በአጠገቤ እንደ ወፍ እየበረሩ ያልፉ ነበር። ሱሪዬ ረጥቦ፣ ቀጥሎም በብርዱ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳ ነበር።

ስለዚህ ከተራራው በፊት ሦስት ቅዳሜ በከተማዎ ውስጥ ይጀምሩ። በኦስሎ 1 ቍጥር የተጻፈበት የከተማ ባቡር እስከ ፍሮግነርሴተረን ድረስ ሽቅብ ይወጣል፤ ለዚህም የሚከፈለው የዘወትሩ ቲኬት ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ስኪ የሚባል ነገር አይንኩ። ከዚያ ጣቢያ እስከ ሚድስቱዌን የሚወርድ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የመንሸራተቻ መንገድ አለ፤ ሰው ጎማ በሌለው ዝቅተኛ ጋሪ ላይ ተቀምጦ ይወርድና በባቡር ተመልሶ ይወጣል። ጋሪውን እዚያው አጠገብ ያከራያሉ። ልጆቹን የራስ ቁር አድርጉላቸው፤ ትንሹን ከፊትዎ ያስቀምጡት፤ መታጠፊያው ብዙ ነውና ፍጥነቱን በእግርዎ ይግቱት። ይህ ሕፃናዊ ጨዋታ ይመስላል፤ ሰውነት ግን መንሸራተትን መፍራት የሚተወው በዚህ ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቅዳሜ ስኪውን ይያዙ። እዚህ ላይ ስኪ ሁለት ዋና ዋና ዐይነት እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው የሜዳ ስኪ ነው፤ ሰሌዳው ቀጭን፣ ጫማው ለስላሳ ነው፤ የሚታሰረው የጫማው ጫፍ ብቻ ስለ ሆነ ተረከዝ ይነሣል፤ ሰው በሜዳና በቀላል ኰረብታ ላይ እንደ መራመድ አድርጎ ይሄድበታል። ሁለተኛው የቁልቁለት ስኪ ነው፤ ሰሌዳው ሰፊ፣ ጫማው እንደ እንጨት የጠነከረ፣ ተረከዙም የተቈለፈ ነው፤ በማውጫ ገመድ ወደ ላይ ይወጡና ይወርዱበታል። ለቤተ ሰብዎ መጀመሪያ የምመርጠው የሜዳውን ነው። ርካሽ ነው፣ አወዳደቁም ይቀላል። ልጅዎ ለትምህርት ቤቱ ቀን የትኛው እንደሚያስፈልጋት ግን አስቀድመው መምህሯን ይጠይቁ፤ ይህን ሳያጣሩ መድከም ከንቱ ይሆናል።

ዕቃውን አይግዙ። በኖርዌይ በብዙ ስፍራዎች «ቡአ» የተባለው ማኅበር የስፖርት ዕቃ ያለ ዋጋ ያውሳል፤ ስኪውም፣ ጫማውም፣ ምርኩዙም፣ የራስ ቁሩም ይገኝበታል። የስድስት ዓመት ልጅ እግር በየዓመቱ የሚያድግ ስለ ሆነ፣ ዘንድሮ የተገዛው ጫማ ለከርሞ የመደርደሪያ ጌጥ ነው። መንገዱም እንዲሁ ያለ ዋጋ ነው። ኦስሎን በሰሜን በሚያዋስነው በኖርድማርካ ደን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1883 የተመሠረተ አንድ የስኪ ማኅበር መንገዱን በመኪና ያስተካክላል፤ መኪናው ባለፈበት ስፍራ በበረዶው ላይ ሁለት ትይዩ ጎድጓዳ መሥመር ይቀራል። ሀዋታ ያደገ ሰው ይህን ባየ ጊዜ የባቡሩን ሐዲድ ሳያስታውስ አይቀርም። ጀማሪ ሁለቱን ሰሌዳዎች በእነዚያ መሥመሮች ውስጥ ቢያስገባ መሥመሩ ራሱ ይመራዋል። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው የኖርዌይ ሕግ ሰው ሁሉ በዱርና በተራራ ያለ ክፍያ እንዲመላለስ ይፈቅዳል። ከመንገዶቹም አያሌው የኤሌክትሪክ መብራት ያለባቸው ስለ ሆኑ ከሥራ በኋላ ማታም መሄድ ይቻላል።

ስለ ልብስ የሚነገረው ብዙ ነው፤ ዋናው ግን ጥጥ እንዳይሆን ነው። ጥጥ ላብን ይጠጣል፤ ረጥቦም የገላን ሙቀት ይወስዳል። የሀዋታ ሰው ጥጥን የሚወድደው ስለዚሁ ጠባዩ ነው፤ በበረዶ ላይ ግን ይኸው ጠባይ ጠላት ይሆናል። እንግዲህ ጋቢዎ ማታ ከእሳት ዳር ይጠብቅዎት። ከገላ ጋር የሚገናኘው ከበግ ጠጕር የተሠራ ስስ ልብስ ይሁን፤ በላዩ ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስና ውሃ የማያስገባ ካፖርትና ሱሪ ይደረብበት። ከቤት ሲወጡ ጥቂት ብርድ ብርድ ሊልዎ ይገባል፤ ሲነሣ የሞቀው ሰው ከሩብ ሰዓት በኋላ በላብ ይጠመቃል። ካልሲ አንድ ብቻ ይበቃል፤ ሁለት የደረበ ሰው ጫማው ይጠብበትና ደሙ እንደ ልቡ ስለማይዘዋወር ይበልጥ ይበርደዋል። ለልጆቹ ትርፍ ጓንት ይያዙ፤ ጓንት ያልጠፋበት የስኪ ቀን አልሰማሁም።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንግባ። መጀመሪያ የሚማሩት መውደቅን ነው። መውደቁ ካልቀረ ወደ ጎን ቀስ ብለው በመቀመጫዎ ይውደቁ፤ እጅዎን ወደ ኋላ አይዘርጉ። ለመነሣት ሁለቱን ሰሌዳዎች ጎን ለጎን አድርገው ለቁልቁለቱ አግድም ያስተካክሏቸው፤ ከዚያ በጉልበትዎ ተንበርክከው ይነሡ። የሰሌዳውን ጫፍ ቁልቁል አዙሮ የሚነሣ ሰው ገና ቀና ሳይል መሄድ ይጀምራል። ቀጥሎ የሚማሩት መቆምን ነው። የሰሌዳዎቹን ጫፍ ከፊት አቀራርበው፣ ኋላቸውን አራርቀው፣ በውስጥ ጠርዛቸው ሲጫኑ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ኖርዌጆች ይህን በማረሻ ስም ይጠሩታል፤ በረዶውን እያረሱ መውረድ ማለት ነው። ከማሽላ አገር የመጣ ሰው በበረዶ ላይ መጀመሪያ የሚማረው እርሻ መሆኑ ደስ አሰኝቶኛል።

ለዚህ ሁሉ ለአንድ ሰዓት አስተማሪ ይቅጠሩ። ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ ከሁሉ በፊት ለዚህ ያውጡ። ነገር ግን ልጆቹን ለአስተማሪ ሰጥተው እርስዎና ባለቤትዎ ቡና ቤት አይቀመጡ። ብዙ ወላጆች ይህን ያደርጋሉ፤ ይልቁንም ከኛ ሰዎች አባቶች በልጅ ፊት መውደቅ ክብርን የሚነካ ይመስላቸዋል። ይህን በመድፈሬ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ልጅዎ ባለፈው ዓመት ሆዷን ያሳመማት ዕፍረት ከቤት የተማረችው ዕፍረት ሊሆን ይችላል። የሕመሙን ወረቀት የጻፈላት አባት ዕፍረቱን በፊርማው አጽድቆላታል። ስለዚህ እርስዎም ከልጆቹ ጋር በአንድ ተርታ ቆመው ይማሩ። ምናልባት ልጅቱ ከእርስዎ ቀድማ ትችል ይሆናል፤ ያን ጊዜ እንድታስተምርዎ ይጠይቋት። ሦስት ጊዜ ወድቆ የሚስቅ አባት ያየች ልጅ ራሷ አንድ ጊዜ ብትወድቅ አይደንቃትም።

የባለቤትዎ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። ስኪ አጥንት ይሰብራል፣ የጉልበትንም ጅማት ይበጥሳል። ቢሆንም ጥንቃቄው የታወቀ ነው። በቁልቁለት ስኪ ጫማውን ከሰሌዳው ጋር የሚያያዘው መቈለፊያ ሰው ሲወድቅ እግሩን እንዲለቅ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ጥንካሬው የሚመጠነውም በሰውዬው ክብደት፣ ቁመት፣ ዕድሜና ችሎታ ነው። ስለዚህ ዕቃ አከራዩ ሲጠይቃችሁ እውነተኛውን ክብደታችሁን ንገሩት። ክብደትን አሳንሶ መናገር በሌላ ስፍራ ጨዋነት ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ግን በጉልበት ያስከፍላል። ደግሞም ድካም ሲሰማ ማቆም ነው። «አንድ ጊዜ ብቻ እንውረድና እንሂድ» የሚለውን ቃል ከማንም አፍ ብትሰሙ ወዲያው ስኪውን ፍቱ።

በረዶ ከሌለበት አገር የተወለደ ሰው ከቶ ይችለዋልን ለሚል ሰው፣ የሮቤል ተክለማርያምን ነገር ማንሣት ይበቃል። ሮቤል በአዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በኒው ዮርክ ግዛት በሌክ ፕላሲድ አካባቢ ስኪን ተማረ። በየካቲት 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) በኢጣሊያ በቶሪኖ ከተማ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በሜዳ ስኪ ተወዳደረ፤ በዚህ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያዊ ሲሳተፍ የመጀመሪያው እርሱ ነው። በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) በካናዳ በቫንኩቨር እንደ ገና ተሰለፈ። አዲስ አበባ በነበረ ጊዜ በረዶ አልነበረምና ጎማ በተገጠመለት ስኪ በአስፋልት መንገድ ላይ ይለማመድ ነበር። በቶሪኖ በ15 ኪሎ ሜትር ውድድር የደረሰው 83ኛ ሆኖ ነው። ቍጥሩን ከልጅዎ አይደብቁባት። 82 ሰዎች ቀድመውታል፤ እርሱም እስከ መጨረሻው መሥመር ሄዷል።

ከሦስቱ ቅዳሜ በኋላ ቤተ ሰቡ ነገሩን ከወደደው፣ ሁለት ሌሊት የሚታደርበት ጉዞ ይበቃዋል። ትምህርት ቤቱ የሚዘጋበትን ሳምንት ይተዉትና በመጋቢት አንድ የሳምንት መጨረሻ ይምረጡ። በታኅሣሥ በኦስሎ የቀን ብርሃን ስድስት ሰዓት አይሞላም፤ በመጋቢት ግን ቀኑ እንደኛ አገር ቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ይደርሳል፤ ብርዱም ይለዝባል። እ.ኤ.አ. በ1994 የክረምት ኦሊምፒክ ወደ ተደረገባት ወደ ሊልሃመር ባቡር በሁለት ሰዓት ያህል ያደርሳል። ከዚያ በስተ ሰሜን በአቅራቢያው ያለው የሃፍየል ተራራ የቁልቁለት ስኪን ለመሞከር ይመቻል። በኖርዌይ የቁልቁለት መንገዶች በቀለም ይለያሉ፤ አረንጓዴ ለጀማሪ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ጥቁር ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። እናንተ ከአረንጓዴው አትውጡ። ጀማሪ የሙሉ ቀን ቲኬት አያስፈልገውም፤ የሁለት ወይም የሦስት ሰዓት ቲኬት ካለ እርሱን ይግዙ። በብዙ የኖርዌይ የስኪ ስፍራዎች ስድስት ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች የራስ ቁር ካደረጉ አይከፍሉምና ስለ ትንሹ ልጅዎ መጠየቅ አይርሱ።

በቁልቁለቱ ላይ እንደ መኪና መንገድ ሕግ አለ፤ ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣቸው ደንቦች አሥር ናቸው። ልጆችዎ ሁለቱን በቃላቸው ይያዙ። ከኋላ የሚመጣው ሰው ከፊቱ ላለው ይጠነቀቃል፤ ማረፍ የሚፈልግም ከመንገዱ ዳር ወጥቶ ይቆማል እንጂ በመካከል ወይም ከጕብታ በታች አይቀመጥም።

ስለ ምግብ ስናስብ አንድ ችግር ይመጣል። ሃይማኖትዎን ደብዳቤዎ አይገልጽም፤ ነገር ግን ዐቢይ ጾም በዚሁ በስኪው ጊዜ የሚውል ነው፤ ረመዳንም በአሁኑ ዘመን እንዲሁ፤ በ2018 ዓ.ም. ሁለቱም የሚገቡት በየካቲት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ባዶ ሆድ በብርድ ቀን ስኪ መማር ለአዋቂም አይበጅም። የሚጾም ቤተ ሰብ ከሆነ ጕዞውን ጾም ሳይገባ በጥር መጨረሻ ያድርገው፤ ካልሆነም ትምህርቱን ከመፈሰኪያው ሰዓት ጋር አቀራርቦ ሁለት ሰዓት ብቻ ያድርግ። ስንቁ ከቤት ይሁን፤ በተራራ ላይ የሚሸጥ ምግብ ውድ ነው። በኪስ ለመያዝ እንደ ዳቦ ቆሎ የሚመች ምግብ አላውቅም፤ ብርዱ አያበላሸውም፣ ጾምም አይከለክለውም። ቴምርም እንዲሁ ነው። ኖርዌጆች በስኪ ጉዞ ብርቱካን መብላት ይወዳሉ፤ ይህን ልማዳቸውን ልጆችዎ ያለ ክርክር እንደሚቀበሉት አምናለሁ። ሻዩን በፔርሙስ፣ ስኳሩን በርከት አድርገው ይያዙ።

የልጆቹን ፊት ቶሎ ቶሎ ይመልከቱ። በጕንጭ ወይም በአፍንጫ ላይ የሚነጣ ወይም የሚገረጣ ቦታ ከታየ፣ ሲነኩትም ከደነዘዘ፣ ብርድ ቆዳውን መጉዳት ጀምሯል ማለት ነው። በሞቀ መዳፍ ይሸፍኑት፣ ወደ ቤትም ይግቡ፤ በበረዶ ማሸት የሚባለው የቀድሞ ምክር ጐጂ ነው። ደግሞ «እኛ የሀዋታ ፀሐይ ያልጎዳን ሰዎች ነን» ብለው አይዘናጉ። አዲስ አመዳይ ቆዳ ከሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን መልሶ ያንጸባርቃል። ጥቁር መነጽርና የፊት ቅባት ለሁሉም ያስፈልጋል፤ ዓይን እንደ ቆዳ ቀለም አይከላከልም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በዚህ ሳምንት የሚሠሩት አንድ ሥራ አለ። ለልጅዎ መምህር ወረቀት ይጻፉ። ልጄ ጀማሪ ናት፣ የራሷ ስኪ የላትም፣ ከጀማሪዎች ጋር እንድትሰለፍልኝ እለምናለሁ ይበሉ። ይህን መጻፍ የሚያሳፍር አይደለም፤ በዚያ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት የሚያስፈልገው ሌላ ልጅ መኖሩም አይቀርም። ወረቀቱንም ከመላክዎ በፊት ለልጅቱ ያንብቡላት።

እናትዎን በሚመለከት፣ «ለመውደቅ ይከፈላል እንዴ» ያሉትን ቃል እኔም በተራራው ጫፍ ላይ ሳለሁ ብሰማው ኖሮ በጠቀመኝ ነበር። እሳቸውን ስኪ ማልበስ አይገባም፤ ቤት ማስቀረትም አይገባም። በፍሮግነርሴተረን ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ሞቅ ያለ ቤት አለ፤ ከዚያ ሆነው ቁልቁል ከተማውንና ባሕሩን ማየት ይችላሉ። ከጣቢያው እስከዚያ ያለው መንገድ ግን በበረዶ የሚንሸራተት ነው። በኖርዌይ ጫማ ሥር የሚታሰር፣ ብረት ጥርስ ያለው ላስቲክ ይሸጣል፤ ዋጋው ቀላል ነው። ከስኪው ሁሉ በፊት እርሱን ይግዙላቸው፤ ሲገዙም የሚያደርጉትን ጫማ ይዘው ሄደው ልኩን ያረጋግጡ፤ ሰፊው በመንገድ ይወልቃልና።